ዘጠና ሁለት

አሥራ አራት ዓመት፣ ከጦሳ ግርጌ ላይ፣
ጉም በመስኮት ገብቶ ሰሌዳው ሳይታይ፣
«ውሃ የሚፈላው በመቶ ዲግሪ ነው»
ስል ኖሬያለሁ እኔ፤ ልጁም ደገመው፣
ታናሹም ደገመው፣ ታላቁ እንዳለው።
ጠመኔ ጨርሼ፣ ሳል አተረፍኩና፣
መቶ ስል ሸበትኩኝ፣ ማን ሊጠይቅና።

በዚያ ሰሞን መጣ አዲስ መመሪያ፤
«ልጁ በእጁ ይንካ፣ ክፍሉ ይሁን መሞከሪያ።»
ሦስት ቀን ሥልጠና፣ አበል፣ ለስላሳ፤
ፈርሜ ወጣሁኝ፤ ፒያሳ ሳልደርስ ተረሳ።

አራተኛ «ለ» ነን፤ ሰባ ሁለት ልጆች፣
ሰባ ሁለት አፎች፣ መቶ አርባ አራት እጆች።
አፎቹን አውቃለሁ፣ ሲያስተጋቡ ኖሩ፤
እጆቹ ግን እስከዚያ ዴስክ ሥር ነበሩ።
አንሻ ሙህዬ ናት እጇን የዘረጋች፤
«ማን ለካው ግን፣ ቲቸር?» አለችና ሰጋች።

መልስ አልነበረኝም።
መጽሐፍ ነበረኝ።

ቴርሞሜትር ፍለጋ ሆጤ ድረስ ወጣሁ፣
ከሁለተኛ ደረጃው ፈርሜ አመጣሁ።
(ጤና ጣቢያው ደግሞ አንድ ሰጥቶኝ ነበር፣
አርባ ሁለት ላይ የሚያልቅ፣ ከዚያ በላይ የማይደፍር።)
ማንደጃ ከጥበቃው፣ ድስት ከደርበው እናት፣
ከሰሉን በሳንቲም አዋጥተን በዚያች ዕለት፣
ሜዳው ላይ ክብ ሠራን።

ቀዩ መስመር ወጣ፤ ሰማንያ፣ ዘጠና፣
ዘጠና አንድ አለና፣ ሁለት ሲል ደከመና
ቆመ።
ውሃው ይንተከተካል፤ መስመሩ ግን ቆመ።
ኑርልኝ አራገበ፣ ፊቱ ጥላሸት ለበሰ፣
ክዳኑ ዘለለ፣ እሳቱ ላይ ፈሰሰ፤
መስመሩ ንቅንቅ አላለም።

«መሣሪያው ተበላሽቷል» አልኩኝ ተቻኩዬ፣
አሥራ አራት ዓመቴን ከእሳት ላውጣ ብዬ።
ማን ሊሰማኝ?

«ከሰሉ ነው» አለ ደርበው። በእንጨት አነደድን፤
ዘጠና ሁለት።
«ድስቱ ነዋ!» በጣሳ ጣድን፤
ዘጠና ሁለት።
«የቧንቧ ውሃ ስለሆነ ነው።» ከቦርከና ቀዳን፣
የእንቁራሪት ልጅ አብራ መጣች፣ ሳቅን፣ መለስናት፣
አጣራን፣ አፈላን፤
ዘጠና ሁለት።

አንሻ ዝም ብላ ቆይታ፦
«እናቴ ከኮምቦልቻ ወደዚህ ስትመጣ
ባቄላው እምቢ አላት፣ በስሎ አልወጣ።
ነጋዴውን ሰደበች፣ ቀጥላም ከሰሉን፣
የጎረቤት ዓይን ነው ብላ ሸፈነች ድስቱን።
ቲቸር…
ባቄላው ይሄንን ያውቅ ይሆን?»

ቅዳሜ በሚኒባስ ሐረጎን ወረድን፣
አምስት ልጅና እኔ፣ ድስቱን ታቅፈን።
ረዳቱ ለማንደጃው ሒሳብ ጠየቀ፣
በየመጠምዘዣው ጆሯችን ደነቆረ፣ ተላቀቀ።
«ይሄም ከዚያው ነው?» አለ ኑርልኝ፣ ጆሮውን እየጎረጎረ።

ከጨርቃ ጨርቁ ማዶ፣ ከአክስቷ ግቢ፣
ሹራባችንን አውልቀን ሙቀቱ ሲያልበን፣
አንሻ ጎንበስ ብላ አነበበችልን።
ዘጠና አራት።

ማንም አላጨበጨበም።
ደርበው አንገቱን አቅንቶ
ደሴ ወዳለችበት፣ ወደ ጉሙ አየ፤
«እዚያ ላይ ምኑ ነው የጎደለው?» አለ።
መልሱን አውቅ ነበር።
ዝም አልኩ።
በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኔ ላይ ፈተናው ከመምሪያው ታሽጎ መጣ።
«ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?»
ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ።
መቶ አለ፤ አርባ አለ፤ ዜሮም ሃምሳም አለ፤
የእኛ ግን የለም።
ሰባ አንዱ «ሀ»ን አከበቡ፣ አልፈርድባቸውም፣
ማለፍ አለባቸው።
አንሻ ምንም አላከበበችም፤
ከጥያቄው ጎን፣ ጠባቧ ኅዳግ ላይ፣
በተቆረጠመ እርሳስ ጽፋለች፦
«የት?»

የመልስ ቁልፉ «ሀ» ይላል። አራሚው እኔ ነኝ።
ጉሙ በመስኮት ገባ።
ቀይ እስክሪብቶዬን ከደንኩ።